ከጎሬ ቁልቁል፣ በአንድ ካርቡሬተር

ቡሬን ካለፍኩ በኋላ

ከመቱ የተዋስኳት ቦክሰር ሞተር ብስክሌት እስከ ጎሬ ድረስ አላስቸገረችኝም። ባለቤቷ የግብርና ባለሙያ ነው። በኢሉ አባ ቦር የቡና ጫካዎች መሃል ለዓመታት አመላልሷታል፤ ካርቡሬተሯን ያስተካከለለትም እዚያው መቱ ያለ መካኒክ ነው። ጠዋት ቾኳን ሳብ አድርጌ አንዴ ስረግጣት ትነሳለች፤ ነዳጅ ሳይሰጣት የምትዞርበት ሚኒሞዋም አይዋዥቅም።

ጎሬ ላይ ሻይ ጠጥቼ ወጣሁ። ከተማዋ ዛሬ ጸጥ ያለች ናት። እ.ኤ.አ. በ1936 ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ ግን ምዕራቡን የያዘው ጊዜያዊ መንግሥት የተቀመጠው እዚህ ነበር። ከዚያም በፊት የኢሉ አባ ቦር ቡና ወደ ጋምቤላ ወደብ የሚወርደው ከጎሬ እየተነሳ ነበር። ጎሬ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጋምቤላ 526 ሜትር። በቡናና በበቅሎ ዘመን ይህ ልዩነት ለእንስሳው ጉልበት ብቻ ነበር የሚታሰበው። ለእኔ ከመቀመጫዬ ሥር ላለችው አውራ ጣት የምታህል የካርቡሬተር አየር መግቢያ ጭምር ነው።

ከቡሬ በኋላ መንገዱ መውረድ ይጀምራል። በየመታጠፊያው ነዳጅ መስጫውን ስመልስ ማርሚታው ውስጥ ጣ! ጣ! የሚል ፍንዳታ መጣ። መጀመሪያ አልፎ አልፎ ነበር፤ ወደ ታች በወረድኩ ቁጥር ተደጋገመ። ጃኬቴን አወለቅኩ፣ ቀጥሎ ሹራቤን። ሜዳው ላይ ስደርስ ነፋሱ ራሱ ትኩስ ሆኖ ነበር። ነዳጅ ስሰጣት አንዴ ትንፋሿ ቁርጥ ይልና ዘግይታ ትወረወራለች። ጋምቤላ ገብቼ ባሮ ድልድይ ጋ ባጃጅ ላሳልፍ ስቆም ጠፋች። አስነሳኋት። ቀጥሎ ማንጎ ዛፎቹ ጥላ ጋ ስደርስ ደግማ ጠፋች።

መንገድ ዳር የቆመ የሞተር ታክሲ ሹፌር፣ ረጅም ቀጭን የኑዌር ወጣት፣ "ማሌ" አለኝ። እኔም "ማሌ" አልኩት። አማርኛው ጥሩ ነው። "ደጋ ነው አይደል የመጣኸው? ወደ ጋሼ ውሰዳት" አለና በእጁ ወደ ገበያው በኩል አመለከተኝ።

ጋሼ ዘንድ

ጋሼ የደምቢ ዶሎ ሰው ናቸው። ጋምቤላ የመጡት በወጣትነታቸው የመኪና ረዳት ሆነው ነው፤ በዚያው ቀሩ። ጋራዥ ተብሎ የሚጠራው ቦታቸው አንድ የቆርቆሮ ዳስ ነው፤ የተቃጠለ ዘይት ሲደፋበት የኖረ መሬት፣ የተገለበጠ የቢራ ሳጥን፣ ግድግዳው ላይ በሚስማር የተሰቀሉ የፍሪሲዮን ሽቦዎች። አንድ የአኙዋ ልጅ ረዳታቸው ነው። ሥራውን የሚያውቅ ልጅ ነው፤ ጋሼ ሳይናገሩ ቁልፉን ያቀብላል።

ከእኔ በፊት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው አፓቼ የያዘ ነው። አዲስ አበባ ሞተር ብስክሌት ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ በ2011 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ላይ ሲከለከል ከአንድ እዚያ ከሚሠራ ዘመዱ በርካሽ እንደገዛት ይናገራል። "ከመጣች ጀምሮ እንደ ሰው አልሄደችም" አለ። ሚኒሞ አልይዝ ስትለው የካርቡሬተሯን ብሎን በቢላ ጫፍ ሲያዞር ከርሟል፤ አሁን የትኛው ወገን ላይ እንዳለች እሱም አያውቅም።

ጋሼ የብሎኗን የተላጠ አናት አዩና ባለ አፓቼውን ቀና ብለው አዩት።

"ብሎኗ መጨረሻ ናት ብዬህ አልነበረም?"

"ጋሼ፣ ሌላ የሚነካ ነገር አላገኘሁም እኮ።"

"እሱን ነው የምልህ። ሌላው ስለማይታይህ የምታየውን አዞርክ።"

እዚያ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ የሰማሁት ትልቁ ትምህርት ይኸው ነው፤ ጋሼም እንደ ትምህርት አይናገሩትም፣ እንደ ቁጣ ነው። ሞተር ብስክሌት ስትንተፋተፍ የሁሉም እጅ የሚሮጠው ወደ ካርቡሬተሯ ብሎን ነው። ከውጭ የምትታይ፣ በካቻቪቴ የምትዞር፣ ዋጋ የማታስወጣ እሷ ብቻ ናትና። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከእሷ በፊት ያለ ነው፦ ነዳጁ ውስጥ፣ አየሩ ውስጥ፣ ካንዴላው ላይ፣ አንዳንዴም የነዳጅ ማጠራቀሚያው፣ የሳልባትዮው፣ ክዳን ላይ።

የክዳኑን ነገር የተማርኩት ከሁለተኛው ደንበኛ ነው። በኢታንግ መንገድ ሰው የሚያመላልስ ሰው ነው። ሞተር ብስክሌቱ ከከተማ ስትወጣ ደህና ናት፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከሄደች በኋላ ኃይሏ እየደከመ ይመጣና ትጠፋለች። ትንሽ ካረፈች ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። ካርቡሬተሯን ሁለት መካኒክ ፈትቶ አጥቦለታል። ጋሼ ምንም አልፈቱም። "ዙረህ ና፣ ስትጠፋብህ ክዳኑን ሳትነካ ገፍተህ አምጣልኝ" አሉት። ላቡ እየተንጠባጠበ ገፍቶ ሲመጣ ጆሯቸውን አስጠግተው ክዳኑን ከፈቱ፤ ሲከፈት አየር ወደ ውስጥ ሲሳብ ሁላችንም ሰማን። ክዳኑ ላይ ያለችው መርፌ የምታህል የአየር ቀዳዳ በአቧራና በላብ ጭቃ ተደፍናለች። ከላይ አየር ካልገባ ነዳጁ ወደ ታች አይወርድም። ረዳቱ በእሾህ ከፈታት። ሰውየው ሊከፍል ኪሱን ሲዳብስ ጋሼ እጃቸውን አወናጨፉ፤ ለአንድ እሾህ ገንዘብ አይቀበሉም።

ስለ ቤንዚኑ

የእኔ ተራ ሲደርስ መጀመሪያ የተፈታው የካርቡሬተሯ የታችኛው ሳህን ማፍሰሻ ብሎን ነው። ረዳቱ ከወገቡ የተቆረጠ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ከሥር ያዘ። ቤንዚኑ ከሞላ በኋላ ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ አነሱት። ከሥሩ የሚንከባለሉ ጥርት ያሉ እንክብሎች ነበሩ። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ሁልጊዜ ታች ይወርዳል፤ ሳህኑ ሥር ይቀመጥና ሞተሩ ሲንገጫገጭ ወደ ነዳጅ ቀዳዳዋ ይሳባል። ያኔ ሞተሩ ያስነጥሳል፣ ያልፍለታል፣ እንደገና ያስነጥሳል።

"ይህ ከየት የተቀዳ ነው?" አሉኝ።

ቡሬ ላይ ከማደያ ሳይሆን ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የተቀዳ እንደሆነ ነገርኳቸው። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። አልተገረሙም።

የጋምቤላን ቤንዚን ነገር ማሰብ ያስደንቀኛል። የአገራችን ነዳጅ ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ ለመድረስ ብቻ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ከአዲስ አበባ ጋምቤላ ደግሞ ሌላ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቦቴው በአንድ ምክንያት ሲዘገይ ማደያው ይዘጋል፤ ማደያው ሲዘጋ ጠርሙሱ ይወጣል። ጠርሙስ ውስጥ ያለው ቤንዚን ደግሞ በሦስት መንገድ ይጎዳል። ውኃ ይገባበታል፤ ትርፍ የፈለገ ሰው ነጭ ጋዝ ይቀላቅልበታል፤ በ40 ዲግሪ ፀሐይ ሲውል ደግሞ ቀለል ያለውና ቶሎ የሚነደው ክፍሉ ይተንና ይሄዳል። የቀረው ቤንዚን ይመስላል፣ ይሸታልም። ግን ጠዋት ሞተር ለማስነሳት አቅም የለውም። ሹፌሩ "ካርቡሬተሩ ተበላሸ" ይላል።

መቶ ዓመት ወደ ኋላ ቢኬድ የዚህች ከተማ ፊት ወደ ሌላ አቅጣጫ ነበር። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዞች ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተሰጣቸው፤ የጋምቤላ ወደብም እ.ኤ.አ. በ1907 ተከፈተ። ክረምት ሲገባና ባሮ ሲሞላ በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ከካርቱም ተነስተው በነጭ ዓባይ፣ በሶባት፣ በባሮ አድርገው እዚህ ይደርሱ ነበር። ቡና ጭነው ይመለሳሉ። ውኃው ሲቀንስ ወደቡ ይተኛል። ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ፤ የመርከቡም ንግድ በጊዜ ሂደት ቆመ። ያኔ ዕቃ ከምዕራብ በወንዝ ይመጣ ነበር፤ አሁን ሁሉም ከምሥራቅ በጎማ ይመጣል፤ ጋምቤላም የመስመሩ መጨረሻ ናት። መጨረሻ ላይ ያለ ሰው የሚደርሰውን ነው የሚቀዳው።

ሳልባትዮው ሙሉ በሙሉ ተደፋ። ረዳቱ በነጠላ ጨርቅ አጥልሎ የላይኛውን መለሰው፤ የታችኛውን አንድ ጣት ያህል ለዕቃ ማጠቢያ አስቀረው። የነዳጅ ቧንቧው ላይ ያለችው ትንሿ ፊልትሮ ዝገት ይዛ ነበር፤ እሷም ታጠበች።

ካንዴላው የሚናገረው

ቀጥሎ ካንዴላው ተፈታ። ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ። ጫፉ ነጭ ነበር፣ ዙሪያውም የጠራ። አፓቼው ላይ የተፈታው ግን ጥቀርሻ የለበሰ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን በሳጥኑ ላይ አኖሯቸው። መሃል ላይ ሊኖር የሚገባው ወተት የገባበት ቡና ቀለም ነው። ነጭ ማለት አየር በዝቶ ነዳጅ አንሷል፣ ሞተሩ ከሚገባው በላይ ይግላል ማለት ነው። ጥቁር ማለት ነዳጅ በዝቷል።

የእኔ ነጭነት ምክንያቱ መንገዱ ነው። አንድ ግራም ቤንዚን በደንብ እንዲነድ 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ካርቡሬተር ግን ሚዛን የለውም፤ የሚለካው በመሳብ ነው። አየሩ በጠበበው ጉሮሮ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ያ የቀነሰ ግፊት ከሥር ቤንዚኑን በቀጭን ቀዳዳ ይስበዋል። እ.ኤ.አ. በ1893 ይህን ዓይነት ካርቡሬተር የሠሩት ሃንጋሪያውያኑ ዶናት ባንኪና ያኖሽ ቾንካ ሐሳቡን ያገኙት አበባ የምትሸጥ ልጅ በአፏ ውኃ በቧንቧ ስትረጭ አይተው ነው ይባላል። ነገሩ ያን ያህል ቀላል ነው፤ ችግሩም ከዚያው ይመነጫል። ጎሬ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 78 በመቶ ገደማ ነው፤ ጋምቤላ ላይ 94 በመቶ ገደማ። ቁልቁል ስወርድ ሞተሩ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚስበው አየር ክብደቱ ጨመረ፤ ነዳጁም ጨመረ፣ ግን በዚያው ልክ አልጨመረም። የጋምቤላ ሙቀት አየሩን መልሶ ስለሚያሳሳው ልዩነቱን ትንሽ ይቀንሰዋል፤ አያጠፋውም። ደጋ ላይ ልክ የነበረችው ቅንብር ቆላ ላይ ነዳጅ ያነሳት ሆነች። ማርሚታው ውስጥ ይፈነዳ የነበረውም በሲሊንደሩ ውስጥ ሳይነድ ያመለጠው ስስ ድብልቅ ነው።

አዲስ አበባ ለተስተካከለችው አፓቼ ደግሞ ይኸው ነገር ይበልጥ ይሠራ ነበር፤ እሷ የመጣችው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ካንዴላዋ ጥቁር የሆነው ባለቤቷ አየር አንሷታል ብሎ ሳይሆን ነዳጅ አንሷታል ብሎ ብሎኗን ከልክ በላይ ስላዞራት፣ በዚያ ላይ የአየር ፊልትሮዋ ስለተደፈነ ነው። ሁለት ጥፋት ተደራርቦ ሦስተኛውን ወለደ።

የፊልትሮው ጉዳይ ጋሼን ያናድዳቸዋል። ከኅዳር በኋላ የጋምቤላ አቧራ ዱቄት ነው። ሹፌሮቹ ፊልትሮው ሲደፈን ከማጠብ ይልቅ አውጥተው ይጥሉታል፤ "ትተንፍስ" ይላሉ። ለጥቂት ሳምንት በእርግጥ ትፈጥናለች። ከዚያ አቧራው የፒስተኑን ቀለበትና የሲሊንደሩን ግድግዳ ይፈጨውና ሰማያዊ ጭስ መውጣት ይጀምራል። ያን ጊዜ ካርቡሬተር የሚያስተካክለው ነገር አይኖርም። ረዳቱ የአፓቼዋን ስፖንጅ በሳሙና አጥቦ፣ በፀሐይ አድርቆ፣ ጥቂት ዘይት ውስጥ ነክሮ ጨምቆ መለሰው። በዚህ ፀሐይ ለማድረቅ ሻይ የመጠጫ ያህል ጊዜ ይበቃል።

የእኔዋ ላይ አንድ ሌላ ነገር አገኙ። ሞተሩ እየሠራ ረዳቱ በመርፌ ስሪንጅ ውኃ ቀድቶ ካርቡሬተሩንና ሲሊንደሩን በሚያገናኘው ጎማ ዙሪያ ጠብ ጠብ አደረገ። ከሥር በኩል ሲነካው የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። ጎማው ተሰንጥቋል፤ ከካርቡሬተሩ በኋላ ያልተለካ አየር ይሰርቃል ማለት ነው። በመቱ ብርድ ጎማው ተኮማትሮ ስለነበር ስንጥቁ ዝግ ነበር ብለው ገመቱ፤ እዚህ ሲግል ተከፈተ። እኔ በዚህ ግምት አልተስማማሁም፤ ስንጥቁ እዚያም ነበር፣ ደጋ ላይ ያለው የነዳጅ መብዛት ሸፍኖት ነው ባይ ነኝ። ጋሼ "ሁለቱም ጎማ ከመቀየር አያድንህም" አሉና ገበያ ላኩኝ። ጓርኒሲዮኑም አብሮ ተቀየረ።

ብሎኗ

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ካቻቪቴው የተነሳው። ሞተሩ ግሎ መሥራት አለበት፤ በቀዝቃዛ ሞተር ላይ የተስተካከለ ካርቡሬተር ሲግል ሌላ ነው።

ጋሼ መጀመሪያ ለረዳቱ የጠየቁት ጥያቄ ብዙ የሠለጠነ መካኒክ የሚስተው ነው፦ "ብሎኗ በየት በኩል ናት?" ሁለት ዓይነት አለ። ከአየር ፊልትሮው በኩል ያለች ከሆነች የምታዝዘው አየሩን ነው፤ ስትጠብቅ አየር ይቀንስና ድብልቁ ይወፍራል። ከሞተሩ በኩል ካለች ግን የምታዝዘው ነዳጁን ነው፤ ስትጠብቅ ነዳጅ ይቀንስና ድብልቁ ይሳሳል። ይህን ሳያውቅ የሚያዞር ሰው ግማሹን ጊዜ ወደተቃራኒው ይሄዳል። አፓቼዋን የጎዳት አንዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ረዳቱ ሞተሩ እንዳይጠፋ የሚኒሞውን ብሎን ትንሽ ከፍ አደረገ። ከዚያ የድብልቁን ብሎን ቀስ ብሎ እስከ መጨረሻው አስገባ፤ ሲነካ አቆመ። እዚያ ላይ የሚጨክን እጅ የብሎኗን ሹል ጫፍ ያበላሻል፣ መቀመጫዋንም ያሰፋል፤ ያ ከተበላሸ ካርቡሬተሩ ዕድሜ ልኩን አይስተካከልም። ከዚያ አንድ ዙር ተኩል መለሰ። ከዚህ በኋላ በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነው። ሩብ ዙር ይከፍታል፣ ይጠብቃል፤ ሞተሩ እስኪሰማ ጊዜ ይወስዳልና። የሞተሩ ድምፅ እየጨመረ ሄደ፣ አንድ ቦታ ላይ ከፍ ብሎ ጸና፣ ከዚያ ካለፈ በኋላ መክበድ ጀመረ። ወደ ከፍተኛው ቦታ መለሰውና ለጥቂት ወደ ወፍራሙ አስጠጋው። "ለቆላ ትንሽ ወፍራም ይሻላል፣ ሞተሩን ያበርደዋል" አሉ ጋሼ። መጨረሻ ላይ ሚኒሞው ወደ ታች ወረደ። የዚህ ዓይነት ትንሽ ሞተር ሚኒሞ በደቂቃ ከ1,300 እስከ 1,500 ዙር ነው፤ የዙር መለኪያ በሌላት ሞተር ብስክሌት ላይ ይህ የጆሮ ሥራ ነው።

ብሎኗ ግን የምትገዛው ሚኒሞውንና የነዳጅ መስጫውን የመጀመሪያ ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው። መሃሉን የምትገዛው ከነዳጅ መስጫው ሽቦ ጋር የምትወጣውና የምትወርደው መርፌ ናት። መርፌዋ ላይ ደረጃ ደረጃ ያላቸው ጉድጓዶች አሉ፤ በአንዱ ላይ ትንሽ ሽቦ ቀለበት ትቀመጣለች። ቀለበቷ አንድ ደረጃ ዝቅ ስትል መርፌዋ ከፍ ትላለች፣ ነዳጅም ይጨምራል። ጋሼ አንድ ደረጃ ዝቅ አደረጓት። ሙሉ ነዳጅ ሲሰጥ የሚሠራውን ትልቁን ቀዳዳ፣ ጂግለሩን፣ አልነኩትም። "አንተ እዚህ አገር ሙሉ ነዳጅ የምትሰጥበት ቀጥ ያለ መንገድ የለህም" አሉኝ።

ከዚያም ብሎኗ የነበረችበትን የደጋ ቦታና አሁን ያለችበትን በጥፍር ቀለም ሁለት ነጥብ አድርገው አመለከቱልኝ፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቀይ። ቀለሙን ያዋሰችን ጎን ላይ ቡና የምታፈላ ልጅ ናት። ስመለስ ጎሬ ላይ ቆሜ ወደ ነጩ እንድመልሳት፣ የመርፌዋን ቀለበት ግን እዚያ ያለ መካኒክ እንዲያነሳልኝ ነገሩኝ።

በአዲሶቹ ሞተር ብስክሌቶች ላይ ይህ ሁሉ በኤሌክትሮኒክስ ይሠራል። የአየሩን ግፊትና ሙቀት የሚለካ መሣሪያ አለ፤ ኮምፒውተሩ ነዳጁን በራሱ ያስተካክላል። ሕንድ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 የጭስ ደንቧን ካጠበቀች ወዲህ በአገሯ የሚሸጡት አብዛኞቹ ወደዚያው ሄደዋል፤ ቦክሰርን የመሳሰሉ ለአፍሪካ የሚላኩት ግን ካርቡሬተራቸውን እንደያዙ ናቸው። ለጎሬና ለጋምቤላ ልዩነት ኮምፒውተሩ በእርግጥ ይሻላል። በጠርሙስ ለሚሸጥ ቤንዚን ግን አይሻልም፤ ውኃ የገባበት ካርቡሬተር በአንድ ብሎን ይፈሳል፣ ውኃ የገባበት የነዳጅ መርጫ ፓምፕ ግን ከአዲስ አበባ ዕቃ ያስጠብቃል። ለጊዜው ምርጫው ቢሰጠኝ ካርቡሬተሩን እመርጣለሁ።

አቦቦ መንገድ ላይና ባሮ ዳር

በነጋታው ወደ አቦቦ ነዳኋት። ንጋት ላይ ሞተሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ቤንዚኑ በደንብ አይተንም፤ ስለዚህ ቾክ ጠየቀች፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግን ተወችው። ፍንዳታው ጠፍቷል። ነዳጅ ስሰጥ ሳትዘገይ ትሄዳለች። አቦቦ ስደርስ ካንዴላውን ፈትቼ አየሁ፤ ነጭነቱ ለቅቆ ወደ ቡናማ መለወጥ ጀምሯል። ሳትበርድ ወዲያው ላስነሳት ስሞክር ግን እምቢ አለች፤ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ያለው ሙቀት ሳህኑ ውስጥ ያለውን ቤንዚን ያፈላዋል። ጥላ ሥር ትንሽ አቆይቻት፣ ነዳጅ መስጫውን ገርበብ አድርጌ ስረግጣት ተነሳች። ይህ በማስተካከል የሚጠፋ አይደለም፤ የቦታው ጠባይ ነው።

ከሰዓት በኋላ ስመለስ የጋሼ ረዳት ዳሱ ውስጥ አልነበረም። ከከተማው ወጣ ብሎ ባሮ ዳር የውኃ መሳቢያ ሞተር ሊሠራ ተጠርቷል አሉኝ። ተከትዬው ሄድኩ። አኙዋዎች ውኃው ሲሸሽ የሚተወውን ለም አፈር እየተከተሉ በቆሎ የሚዘሩበት የወንዝ ዳርቻ ነው። ባለቤቱ በዕድሜ የገፋ፣ ረዳቱ "አጎቴ" የሚለው ሰው ነው፤ ከበቆሎው አጠገብ ጎመንና ቲማቲም ጀምሯል።

መሳቢያው በቤንዚን የሚሠራ ትንሽ ሞተር ነው። ይነሳል፣ ግን አንዴ ይጮኻል አንዴ ይሰምጣል፤ ድምፁ ይወጣል ይወርዳል፣ ውኃውም ከቱቦው ጫፍ አንዴ ይወረወራል አንዴ ይንጠባጠባል። ባለቤቱ ካቻቪቴ አቀበለው። ልጁ ካቻቪቴውን ተቀብሎ መሬት ላይ አስቀመጠውና ሳህኑን በቁልፍ ፈታ። ባለፈው የመስኖ ወቅት ውስጡ የቀረው ቤንዚን ደርቆ ሙጫ ሆኗል። የሚኒሞዋን ነዳጅ የምትሰጠው ቀዳዳ ብርሃን አታሳይም። ሽቦ ቢገባባት የነሐሱን ቀዳዳ ያሰፋል። ልጁ ዞር ብሎ መረብ የሚጠግን ዓሣ አጥማጅ ዘንድ ሄደ፤ አንድ ክንድ የማይሞላ የናይሎን ክር ለምኖ መጣ። ክሩን በቀዳዳዋ ወዲህና ወዲያ አመላለሰው፣ በቤንዚን አጠባት፣ በአፉ ነፋት፣ ወደ ፀሐይ አቅንቶ አያት። ከዚያ ለእኔም አሳየኝ፤ ክብ ብርሃን።

ሞተሩ ሲነሳ ድምፁ ጸና። ውኃው ሳይቆራረጥ ወደ ቦዩ ገባ። ካቻቪቴውን ለባለቤቱ እንዳስቀመጠው መለሰለት።

"አጎቴ፣ ማታ ስታጠፋው በማጥፊያው አታጥፋ። የነዳጁን ቧንቧ ዝጋና ሳህኑ ውስጥ ያለውን ጨርሶ ራሱ ይጥፋ። ያኔ የሚደርቅ አይኖርም።"

ሰውየው ቦዩን እያየ አሰበበት። "ጨርሶ እስኪጠፋ የሚነደውን ማን ይከፍለኛል?"

"ትንሽ እኮ ናት።"

"የቤንዚኑን ዋጋ ሰምተሃል ወይ አንተ?"

ልጁ ሳቀና ለእኔ ዞር አለ። "ጋሼም የሚሉት ይኼንኑ ነው፤ ሳሎናቸው ያለውን ጄኔሬተር በማጥፊያው ነው የሚያጠፉት።"